በደዴሳ ወንዝ ጉማሬን ስለ መመልከት

ከአርጆ ደጋ ወደ ደዴሳ ቆላ የሚወርድ ቤተ ሰብ፥ ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው «ጉማሬው የታል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄያቸው መልካም ነው፤ አራዊትን በየመኖሪያቸው ማየት ለዓይን ደስታ፥ ለልብም ትምህርት ነውና።

ነገር ግን ታንኳ ከመፈለግ በፊት ወላጆች የአውሬውን ጠባይ ሊያውቁ ይገባል። ጉማሬ ቀን በውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ሣር በል መሆኑ ግን የዋህ አያሰኘውም። ወንዱ ከ1500 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። እስከ 5 ደቂቃ ያህል ሳይተነፍስ ስለሚቈይም፥ ውኃው ጸጥ ቢል ባዶ ነው አይባልም። ይልቁንም ግልገል ያላት እናት የቀረባትን ታንኳ ልትገለብጥ ትችላለች።

ወንዝም ራሱ ኀይለኛ ነው። ደዴሳ የሚገባበትን ዐባይን በአውሮጳ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በጀልባ የወረዱት የእንግሊዝ የጦር ሰዎች የሠለጠኑ ነበሩ፤ ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ ሰጥሞ ሞተ።

ስለዚህ ልጆች የያዘ ሰው በታንኳ አይግባ፤ ከፍ ካለ ዳር ሆኖ በመነጽር ይመልከት። አውሬው ከውኃ ወጥቶ ቢገኝም በእርሱና በወንዙ መካከል አይቁም፤ ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነውና። ልጅን ማስደሰት መልካም ነው፤ በደኅና ወደ ቤቱ መመለስ ግን ይቀድማል።