ደረት ሲወጋ ሰዓት ይቈጠር

አንድ ሌሊት በቡራዩ ጎረቤታችን የነበሩ አባት ደረታቸውን ያዛቸው። «ጋሼ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብንላቸው «ተወኝ ልጄ፣ ጨጓራዬ ነው፤ እስቲ ይንጋ» አሉ። ፌጦ ተበጠበጠላቸው። ነጋ፤ ለእሳቸው ግን አልነጋም።

በሰበታም ሆነ በሱሉልታ «እስቲ ይንጋ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የደረት ሕመም በእርግጥ የጨጓራ ወይም የጡንቻ ሆኖ ስለሚገኝ ልማዱ ይጠነክራል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚነሣው ልብን ራሱን የሚመግበው የደም ሥር በስብ ጠቦ ከቈየ በኋላ ደም ረግቶ ሲዘጋው ነው። ደም የተቋረጠበት የልብ ሥጋም በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ በየደቂቃው ጥቂት በጥቂት ይሞታል እንጂ።

ምልክቱ ደረትን እንደ ሸክም መጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ መዝለቅ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ነው። በስኳር ሕመምተኞች፣ በሴቶችና በሽማግሌዎች ግን ደረት ሳይወጋ፣ በድካምና በማቅለሽለሽ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሐኪሙ ይህን ከጨጓራ የሚለየው በግምት አይደለም። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤይንቶቨን በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ኢ.ሲ.ጂ. የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ምርመራውም ሕመምተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲደረግ ይመከራል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ወረቀት ደኅና ቢመስል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ኢ.ሲ.ጂው ይደገማል፤ ከተጐዳ የልብ ሥጋ ወደ ደም የሚገባው ትሮፖኒን የተባለው ንጥረ ነገርም ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ሆነው ለአዲስ አበባ ቅርብ ናቸው። ነገር ግን ማለዳ መኪናው በአየር ጤናና በአስኮ ሲደረደር በኪሎ ሜትር ቅርብ የሆነው በሰዓት ይርቃል። የተዘጋውን ሥር በቀጭን ቱቦ የሚከፍቱት ሆስፒታሎች በዋና ከተማይቱም ጥቂት ናቸው። በ120 ደቂቃ ውስጥ ወደዚያ መድረስ የማይቻል ሲሆን፣ የሚከለክለው ነገር ለሌለበት ሕመምተኛ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ቀድሞ መስጠት የታወቀ ሕክምና ነው።

እንግዲህ አዲሱን ከተማ ልንጠይቀው የሚገባን ትልቅ ሕንፃ ብቻ አይደለም። በየጤና ጣቢያው ሌሊትም የሚሠራ ኢ.ሲ.ጂ.፣ ወረቀቱን የሚያነብ ባለሙያ፣ ቢያጠራጥረውም ፎቶውን በስልክ ወደ ልብ ሐኪም የሚልክበት ሥርዓት ያስፈልጋል።

የቤተ ሰቡ ድርሻ ደግሞ ቀላል ነው። ሕመምተኛውን ማስቀመጥ፣ እንዳይራመድና መኪና እንዳይነዳ መከልከል፣ አምቡላንስ መጥራት፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት መያዝ ነው። ጨጓራ ሆኖ ተገኝቶ ቢመለስ የሚያፍርበት የለም።