ማነው የዘጋው?

ጠዋት ከቤቴል ታክሲ የሚይዝ ሰው ሳይሰማው የማይውል አንድ ቃል አለ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደፊት ያይና «ኧረ ተዘጋግቷል!» ይላል። ሹፌሩ ሞተር ያጠፋል። ተሳፋሪው ስልኩን ያወጣል።

በቀደም ወደ ጦር ኃይሎች ስንሄድ መገንጠያው ላይ ይኸው ሆነ። ሲኖትራኩ መሃል ገብቶ ቆሟል። ሚኒባሱ በግራ ሊያልፈው ሲል ከፊት ለፊት ከሚመጣው ሃይገር ጋር ተፋጧል። በቀረችው ክፍተት ባጃጅ ገብታባታለች። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ማነው የዘጋው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ መልስ ግን አጣሁ። ሁሉም ዘግቷል፣ በሁሉም ላይም ተዘግቶበታል።

መልሱ ረዳቱ አፍ ላይ ነበር። «ተዘጋ» ስንል የዘጋ አካል አለ ማለት ነው፤ ስሙ ባይጠራም አለ። «ተዘጋጋ» ስንል ግን እርስ በርስ ነው። መቆለፍና መቆላለፍ፣ መሳምና መሳሳም እንደሚለያዩት ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሁላችንም እናውቀዋለን። ጓደኛችን ቴሌግራም ላይ መልእክታችንን አይቶ ዝም ሲል «ምነው ዘጋኸኝ?» እንለዋለን። እኛም ተናደን ዝም ካልን ግን ተዘጋጋን። ያኔ ማን ጀመረ የሚለው ክርክር ማንንም አያስታርቅም።

ፖለቲካ ላይ ስንደርስ ነው ቃሉን የምናምታታው።

2012ን አስታውሱ። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ተራዘመ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን የምክር ቤቶችን የሥልጣን ዘመን አራዘመ። ትግራይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች። ፌዴራል መንግሥቱ «ያንተ ምርጫ አይጸናም» አለ፣ ክልሉ ደግሞ «ያንተ ሥልጣን አብቅቷል» አለ። ሁለቱም ሕገ መንግሥቱን ይዘው መስቀለኛው መሃል ገቡ። ከዚያ ማንም ወደ ኋላ አላለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ፈነዳ። ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም የተፈረመው ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። በመሃል ያለቀውን ሰው ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ሁለቱም ወገን «እሱ ዘጋብኝ» ይል ነበር እንጂ «ተዘጋጋን» ሲል አልተሰማም።

የተገላቢጦሹም አለ። የእውነት ዘጊ ያለበትን ነገር «ተዘጋጋ» ብሎ ማለፍ። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ እርስ በርስ አልተዘጋጋንም። ማብሪያ ማጥፊያው እጁ ላይ ያለ አካል ነው የዘጋው። እንዲህ ሲሆን «ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» ማለት ሽምግልና ይመስላል እንጂ ተጠያቂውን መደበቅ ነው። ስለዚህ የእኚያ እናት ጥያቄ ሁሌም መቅደም አለበት፦ ማነው የዘጋው? መልሱ አንድ ስም ከሆነ ስሙ ይጠራ። መልሱ «ሁሉም» ከሆነ ደግሞ እኛም አለንበት።

አሜሪካኖች ለዚህ ነገር «ግሪድሎክ» የሚል ቃል አላቸው። ቃሉ ሰው አፍ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ የባቡርና የአውቶቡስ ሠራተኞች አድማ በመቱ ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ መኪናውን ይዞ ወጣ፣ ከተማዋም ተቆላለፈች። ዛሬ መስቀለኛ መንገዶቿ ላይ የተሰመረው ሕግ ቀላል ነው፦ መውጫህን ሳታይ መሃል አትግባ። አረንጓዴ ቢበራልህም አትግባ። መብት ስላለህ ብቻ የማይገባበት ቦታ አለ።

የእኛ መገንጠያ እንዴት ተከፈተ? ሲኖትራኩ ቢፈልግም መንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ ከኋላው አሥር መኪና ተደርድሮ ክላክስ ያደርጋል። መጀመሪያ ወደ ኋላ ያለው የሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበረ አንድ ታክሲ ነው። ሁለት ሜትር ለቀቀ። ከእሱ ፊት ያለው ሁለት ሜትር ለቀቀ። እንዲህ እያለ መሃሉ ተፈታ። ለዚያ ባለታክሲ ማንም አላጨበጨበለትም።

ፖለቲከኞቻችንም መሃል ገብተው ሲቆሙ ከኋላቸው የተደረደርነው እኛ ነን። ክላክሳችን ስልካችን ነው። «እንዳትመለስ! ግፋበት!» የሚለውን ፖስት ሼር ባደረግን ቁጥር መመለሻውን እየዘጋንበት ነው። መሪ ወደ ኋላ እንዲል ከፈለግን መጀመሪያ ሁለት ሜትር መልቀቅ ያለብን እኛ ነን።

ነገም ጠዋት ረዳቱ «ተዘጋግቷል» ማለቱ አይቀርም። ክላክሱን ከመጫናችሁ በፊት ከኋላችሁ ቦታ ካለ እዩ።