ሰው ስንዝር ቢያክል ምን ይገጥመዋል?

ሰውን አሳንሶ ማሳየት የደራስያንና የፊልም ሠሪዎች የቆየ ጨዋታ ነው። ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ባሳተመው የጉሊቨር ጉዞ ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሰዎችን ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ የአሜሪካ ፊልም ላይም ልጆች በአባታቸው መሣሪያ አንሰው ጉንዳን ሲጋልቡ ታይተዋል። ለመሆኑ ልጆቻችን «እውነት ይህ ይቻላል?» ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልሳለን?

እስቲ እናስላው። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ወረደ እንበል። የቆዳው ስፋት መቶ ጊዜ ሲያንስ ክብደቱ ግን ሺህ ጊዜ ያንሳል፤ 70 ግራም ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ቆዳው 10 እጥፍ ሰፋ ማለት ነው። የሰውነት ሙቀት በብዛት የሚወጣው ደግሞ በቆዳ በኩል ነው! በሲኒ ያለ ቡና በጀበና ካለው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ስንዝር የሚያክለው ሰውም እንዳይቀዘቅዝ ያለማቋረጥ መብላት ይኖርበታል።

ሌላም ችግር አለ። ሰውነታችን የተሠራባቸውን አቶሞች ማሳነስ አይቻልም። ቁጥራቸው ይቀነስ ከተባለም 86 ቢሊዮን ያህል የሚሆኑት የአንጎል ነርቭ ሴሎች የት ይገባሉ? ነገሩ ተረት ነው።

የሙቀቱ ሕግ ግን ተረት አይደለም። በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ታይቷል። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ቆዳቸው ሰፊ ነው፤ ስብም ብዙ የላቸውም። ስለዚህ ሙቀታቸው ቶሎ ያልቃል።

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? የእናት ደረት! ልጇን በሆዷ ከረጢት በምትይዘው እንስሳ ስም «የካንጋሮ እንክብካቤ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተጀመረ። ሕፃኑ ኮፍያና የሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ፣ ገላ ለገላ ተገናኝቶ ይታቀፋል፤ ከላይ ይሸፈናል፤ ጡትም ይጠባል።

ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በጥቁር አንበሳ ይህን ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። ጥናቱ ክብደታቸው ከ2 ኪሎ በታች የሆነ 123 ሕፃናትን የያዘ ነበር። በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት 38 በመቶ ሲሞቱ፣ በእናታቸው ደረት ላይ ከዋሉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ቀላል ነውን?

ውድ እናቶችና አባቶች! ሕፃኑ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ከተወለደ የጤና ባለሙያውን ስለዚህ እንክብካቤ ጠይቁ። እናት ስትደክም አባትም ማቀፍ ይችላል። ገላውን ለማጠብ አትቸኩሉ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ከቀዘቀዘ ወይም ጡት እምቢ ካለ ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።