የባንክ ቅርንጫፍ ሲዘጋ የሠራተኛው የሥራ ዋስትና

የባንክ አገልግሎት ከመስኮት ወደ ስልክ እየተሸጋገረ ይገኛል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለመላክና ክፍያ ለመፈጸም በቅርንጫፍ ወረፋ መያዝ ለብዙዎች ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ብር ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ሁለት ባንኮች ሲዋሐዱ በአንድ አደባባይ ጎን ለጎን የነበሩ ቅርንጫፎቻቸው ወደ አንድ መጠቃለላቸው የማይቀር ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ የለውጡን ስፋት ያሳያል። በዩናይትድ ኪንግደም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ6,000 በላይ ቅርንጫፎች ተዘግተዋል። በእንዲህ ያለ ለውጥ አስቀድሞ የሚነካው የገንዘብ ከፋይና የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነው። በዲጂታል ዘርፍ የሚፈጠረው አዲስ ሥራ በአብዛኛው ሌላ ቦታና ሌላ ክህሎት ይጠይቃል።

ይሁንና የቅርንጫፍ መዘጋት የሥራ ውልን በራሱ አያቋርጥም። አሠሪው ባንኩ እንጂ ቅርንጫፉ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 መሠረት ውሉን በማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ከእነዚህም መካከል ሥራው በቀጥታና በቋሚነት መቆሙ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ መዋሉ ይገኙበታል።

የሚሰናበቱት ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶ ሲሆኑ፣ ጉዳዩ በአንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ ይባላል። በዚህ ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር፣ የሥራ ችሎታና ከፍተኛ የምርት ውጤት ያላቸውን በሥራ ላይ ማቆየት ይጠበቅበታል። ችሎታቸው እኩል ከሆነ አጭር አገልግሎት ያላቸው ቀድመው ይቀነሳሉ፤ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡር ሠራተኞች በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ ይገኛሉ።

በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት በአንድ ሦስተኛ እያደገ ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይሰላል። ለምሳሌ የቀን ደመወዙ 500 ብር የሆነና ሰባት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የስንብት ክፍያው 45,000 ብር፣ ተጨማሪው 30,000 ብር፣ በድምሩ 75,000 ብር ይሆናል።

ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። በኤጀንሲ በኩል የተሰማሩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች የሥራ ውላቸው ከኤጀንሲው ጋር በመሆኑ፣ የቅርንጫፉ መዘጋት ያንን ውል አያፈርሰውም። በሕጉ ትርጉም የሥራ መሪ የሆኑት ደግሞ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ሌላ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ ደብዳቤውን፣ የሥራ ውሉንና የመጨረሻ የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ በአካባቢው ወደሚገኘው የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሳይዘገይ መቅረብ ይጠበቅበታል።