ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ሬቪት የተባለውን የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ልጫን ሲል 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ላፕቶፑ ከታላቅ እህቱ የተላለፈለት ነው፤ ዲስኩም ገና ሲገዛ «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ተከፍሏል። ሲ ቀይ አሳይቷል፣ ዲ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ወደ ጥገና ቤት ይዞት ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሲ ሞልቷል፣ ፎርማት ይደረግ።»

ይህ መልስ ያሳስበኛል፤ ፎርማት ሲ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና። ዴስክቶፕ ላይ የምናየው ፋይል፣ ዶክዩመንትስም ዳውንሎድስም በተለምዶ የሚቀመጡት ሲ ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር አባላት መዝገብ፣ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ፎቶ እዚያው አለ። የኮምፒውተሩ ባለቤት ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የማወቅ ግዴታም የለበትም። ባለሙያው ግን ያውቃል።

ደግሞስ ቦታውን የያዘው መቼ የሰውየው ሥራ ብቻ ሆነ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ብዙዎችን ወደ 11 እንዲሻገሩ ገፋፍቷል። ሲሻገሩ አሮጌው ሲስተም «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ይቀመጣል፤ ይህ ብቻውን ከ10 ጊጋባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። የሬቪት አምራች የአውቶዴስክ ሶፍትዌሮችም ከመጫናቸው በፊት ሲ ላይ «አውቶዴስክ» የሚል ፎልደር ከፍተው ይዘረገፋሉ፤ ተጭነው ካበቁ በኋላ ያ ፎልደር ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ያለፈው ዓመት ስሪት ዝርግፍ ሳይነካ ተቀምጦ ለዘንድሮው ቦታ ጠፋ ይባላል!

ቴሌግራምንም አንርሳ። በአገራችን ፊልሙም የመማሪያ መጽሐፉም የሚደርሰን በእሱ ነው፤ ያየነው ሁሉ በካሽ ይጠራቀማል። ከቅንብሩ ገብቶ ካሹን ማጽዳት መልእክቶቹን አያጠፋም፤ ፋይሎቹም ሲፈለጉ እንደገና ይወርዳሉ። የተሰረዘ ፋይልም ሪሳይክል ቢን ካልተራገፈ ቦታውን እንደያዘ ነው።

ይህ ሁሉ ተጠርጎ ካልበቃ፣ ዲ ላይ ያለውን ወደ ኤክስተርናል አውጥቶ፣ ትክክል መቀዳቱን አረጋግጦ፣ ዲን አጥፍቶ ሲን ማስፋት ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ባለሙያውም ለዚህ ተጨማሪ ቢያስከፍል ተገቢ ነው፣ ደንበኛውም ሊከፍል ይገባል። ዛሬ ግን ብዙ ጥገና ቤት ዋጋ የሚቆርጠው ለፎርማት እንጂ ለዚህ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጥገና ቤቶችና ለየመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍሎች ነው። ፎርማት የግድ ከሆነም፣ ሲ ላይ ያለውን ለባለቤቱ ከፍታችሁ አሳዩት፤ የሚተርፈውንና የሚጠፋውን እሱ ይምረጥ፤ ምርጫውም በምትሰጡት ደረሰኝ ላይ ይጻፍ።