ከዓይኑ በፊት ሽንቱን ጠይቁ

በራያ ቆላ አንድ አዛውንት ዓይናቸው ሲጋረድ ለጎረቤቱ ሁሉ ይናገራሉ፤ ሽንታቸው ሲያስቸግራቸው ግን ለገዛ ልጃቸውም አይተነፍሱም። ይህ ዝምታ ዓይን ያስከፍላል። የምቆጣው ግን በአዛውንቱ አይደለም፤ ማወቅ እያለበት በማይጠይቀው ባለሙያ ነው።

ታምሱሎሲን ፕሮስቴቱ ላበጠ ሰው የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የፊኛውን አንገት ጡንቻ አላልቶ ሽንት እንዲወርድ ያደርጋል። ነገር ግን የዓይን ብሌንን የሚከፍተውንም ጡንቻ ያላላል። የዓይን ሞራ የሚገፈፍለት ሰው ኦፕራሲዮን ላይ እንዳለ፣ በጠብታ ሰፍቶ የነበረው ብሌን መጥበብ ይጀምራል፤ ዙሪያውን ያለው አይሪስ ተልፈስፍሶ ይርገበገባል፣ በተቀደደው በኩልም ሊወጣ ይሞክራል። ሐኪሙ ካልተዘጋጀ የሌንሱ ከረጢት ሊቀደድ ይችላል። ዴቪድ ቻንግና ጆን ካምቤል የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም የሚል ባለሙያ ምክንያት የለውም!

የአገራችን ነገር ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005/06 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ 1.6 ያህሉ ሕዝብ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የግማሹም መንስኤ ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ ተነስቶ ለሞራ ኦፕራሲዮን ወደ ደሴና ቦሩ ሜዳ የሚጓዘው ሰው ዕድሜው የፕሮስቴትም ዕድሜ ነው። ሽንቱን ያከመው ዓይኑን አያይም፤ ዓይኑን የሚያክመው ሽንቱን አይጠይቅም።

አጎቴ ለሞራ ሲሄዱ «ስኳር አለብዎት? ግፊትስ?» ተባሉ። «የለብኝም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሽንቱ ኪኒን ግን በኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። የጠየቃቸው የለም፤ ሰው በተሰበሰበበት ስለ ሽንት ማውራትም ነውር ሆነባቸው። ብሌናቸው መሃል ላይ ጠበበ፤ ሐኪሙም ተቸገረ፤ እሳቸውም ለሁለተኛ ጊዜ ተቀደዱ።

ኪኒኑን በራሳችሁ አቁሙ እያልኩ አይደለም። ማቆሙ ሽንት ሊዘጋ ይችላል፤ ዓይኑንም አያድንም፤ መድኃኒቱን ከተዉ ዓመታት ባለፋቸው ሰዎች ላይ እንኳ ችግሩ ታይቷል። ስለዚህ ጥያቄው «አሁን ይወስዳሉ?» ብቻ ሳይሆን «ወስደው ያውቃሉ?» መሆን አለበት። አስቀድሞ ያወቀ ሐኪም መላ አያጣም፤ ብሌን የሚያሰፋ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይሰጣል፣ ብሌኑንም በመንጠቆ ወይም በቀለበት ወጥሮ ይይዛል። ቻንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ሐኪሞቹ አውቀው ሲዘጋጁ ከረጢቱ የተቀደደባቸው ዓይኖች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም።

እንግዲህ ኪኒኑን የምታዝዙ ሐኪሞች፣ ከማዘዛችሁ በፊት ታካሚው ሞራ እንዳለበትና እንደሌለበት ጠይቁ። መድኃኒት ቤቶች፣ «ዓይን ሲታከሙ ይናገሩ» ብላችሁ ፓኬቱ ላይ ጻፉ። የሞራ ኦፕራሲዮን ዘመቻ የምታዘጋጁ፣ ጥያቄውን ካርዱ ላይ አትሙና አባቶችን ለብቻቸው ጠይቁ። ልጆችም የኪኒኑን ልጣጭ ይዛችሁ አባታችሁን አጅቡ።

ከእንግዲህ ሳይጠየቅ ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ የወጣ ሰው ዓይኑ ቢጎዳ «ዕድሉ ነው» አትበሉን። ጥፋቱ ያልጠየቀው ነው።