ማርኩ 87፣ ንባቡ ዜሮ

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ሲነገር አገሩ ሁሉ ራሱን ያዘ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ፤ 3.3 ከመቶ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኔን የገረመኝ የሰዉ መደንገጥ ነው። ምን ጠብቃችሁ ኖሯል? ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዶ ኩረጃው ሲቆም፣ እሰየው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተሸፋፍኖ የኖረው ገመና አደባባይ ወጣ እንጂ አዲስ ነገር አልመጣም። እነዚያ ልጆች የወደቁት ገና ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ነው። ያኔ የለካቸው አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህስ? በ2017 ዓ.ም ውጤቱ 8.4 ከመቶ ሲደርስ ማጨብጨብ ጀመርን። በሀዲያ ዞናችን ጊምቢቹም ሆነ ሆሳዕና፣ ቡና ቤቱም ስብሰባውም ወሬው 12ኛ ክፍል ነው። ጎበዝ የተባለ መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያው ለነሱ፣ ያለችው መጽሐፍ ለነሱ። አንደኛ ክፍል ለማን ይሰጣል? ለጀማሪው፣ ለታመመው፣ ጡረታው ለደረሰው።

የዘመዴ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው። ካርዱ ላይ አማካዩ 87፣ ደረጃው ከክፍሉ 6ኛ። የሀዲይኛ መጽሐፍህን አምጣና አንብብልኝ አልኩት። ገልጦ አንበለበለው። ዓይኑ ግን ከሥዕሉ አልተነሳም። ጣቴን ሦስተኛው መስመር መሀል ላይ አድርጌ «ይቺ ምን ትላለች?» ስለው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከገጹ አናት ጀምሮ በለሆሳስ እየወረደ ቃሏ ላይ ለመድረስ ሞከረ። ገጹን ሙሉ በቃሉ ሸምድዶታል! ይህን ሁሉ የሚይዝ ጭንቅላት ሰነፍ አይባልም። በቅጡ ፊደል ያስቆጠረው ሰው ጠፋ እንጂ።

እዚህ ያለ ልጅ ሸክሙም ከባድ ነው። ሀዲይኛን በላቲን ፊደል ይጀምራል፣ በዚያው ፊደል ድምፁ የተለየ እንግሊዝኛ ይመጣበታል፣ አማርኛ ደግሞ ከነፊደል ገበታው ይደረባል። እንዲህ ያለውን ልጅ በየወሩ ጠጋ ብሎ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም፤ የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 ከመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

ታዲያ 87 ከየት መጣ? ከደብተር አያያዝ፣ ከተሳትፎ፣ ከቤት ሥራ፣ ከቡድን ሥራ። ተከታታይ ምዘና ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ሮስተር ሊዘጋ አንድ ማታ ሲቀረው በአንድ እስክሪብቶ ሲሞላ ግን ሌላ ነው። መምህሩን አልከስም። ልጅ ከጣለ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ደግሞ በ2016 ዓ.ም በዞናችን ደመወዝ እየዘገየ መምህራን ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው እንደነበር የምንረሳ አይደለንም። ደመወዙን በልተን ጣት ልንቀስርበት?

የኔ ጠብ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነው፤ ከሱም ይልቅ ከመዳቢው ጋር። ርዕሰ መምህር ቀኑን የት ነው የሚያሳልፈው? ጠዋት ወረዳ ስብሰባ፣ ከሰዓት ሪፖርት፣ በማግስቱ መዋጮ። አንደኛ ክፍል ገብቶ ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ልጆች ሲያነቡ የሰማው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። አይፈረድበትም፤ የሚመዘነው ሪፖርቱ ደረሰ ወይ፣ አጥሩ ታጠረ ወይ ተብሎ ነው። ሲመደብም በማስተማር ችሎታው ሳይሆን «የኛ ሰው ነው» ተብሎ ከሆነ፣ ታማኝነቱ ለመደበው እንጂ ለልጆቹ አይሆንም።

ብራዚል ውስጥ ሶብራል የምትባል ከተማ አለች፤ ድርቅ በሚያጠቃው በድሃው የሴአራ ግዛት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲፈትሹ ብዙ ልጆች ማንበብ አይችሉም። የፖለቲካ ምደባ ቀርቶ ርዕሳነ መምህራን በችሎታ ተመረጡ፤ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንበብ አለበት ተባለ፤ ይህም በየጊዜው ተለካ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገሪቱ ከተሞች 1,366ኛ የነበረችው ሶብራል በ2017 አንደኛ ወጣች። ሀብታም ሆና አይደለም።

መለኪያውም ውድ አይደለም። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ «አሰር» በተባለው ጥናት በጎ ፈቃደኞች አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፦ ፊደል፣ ቃል፣ አንድ አንቀጽ፣ አጭር ታሪክ። ልጁ የቱ ላይ እንደቆመ ወላጁ በዓይኑ ያያል። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳም «ኡዌዞ» ብለው ይህንኑ ሠርተውታል። እኛ ለዚህ የሚሆን ወረቀት አጣን?

የዚህ ሁሉ ቸልታ ውጤቱን እናውቀዋለን። ትምህርት ቤቱ ምንም እንዳልሰጠው የገባው የሶሮ ወረዳችን ልጅ ዓይኑን ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካ ይጥላል። ደላላው ቢያንስ የት እንደሚወስደው ይነግረዋል።

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአዲስ አበባን ሰርኩላር መጠበቅ የለበትም። ርዕሳነ መምህራንን በግልጽ ያወዳድር፤ ጠዋት ጠዋት ስብሰባ አይጥራቸው፤ ምርጡን መምህር አንደኛ ክፍል ያስገባ። ወላጆችም፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ለአጥር ሲጠይቋችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ሁለተኛ ክፍል ካሉት ልጆች ስንቱ ያነባል? ርዕሰ መምህሩ ቁጥሩን ካላወቀ መዋጮውን አትክፈሉ።